የአልቅት ዘመዶች፦ አንድ የዐረብኛ ሥርወ ቃልና የጋምቤላ ወደብ

ለመሆኑ አልቅትን፣ ፍቅርንና የኪራይ ውልን ምን ያገናኛቸዋል? ጥያቄውን አማርኛ ለሚናገር ሰው ብናቀርብለት ቀልድ ሊመስለው ይችላል። ዐረብኛ ግን ሦስቱንም ከአንድ ግንድ ያበቅላቸዋል። ግንዱ ዐይን፣ ላም፣ ቃፍ የተባሉት ሦስት ፊደላት ናቸው፤ በእኛ ሲጻፉ ዐ፣ ለ፣ ቀ።

በ1004 እ.ኤ.አ. ያረፈው የመዝገበ ቃላት ሊቅ ኢብን ፋሪስ የዚህን ሥር ልጆች ሁሉ ሰብስቦ ወደ አንድ ሐሳብ መልሷቸዋል፤ አንድ ነገር ከፍ ባለ ነገር ላይ መንጠልጠሉ። ከዚያ ወዲያ ትርጉሙ እየሰፋ ሄዷል። እሾህ ልብስ ሲይዝ «ዐሊቀ» ይባላል፤ ሚዳቋ በወጥመድ ስትያዝም፣ ሴት ስትፀንስም እንዲሁ። ውኃ ውስጥ የምትኖረው ደም መጣጭ «ዐለቅ» ናት፤ የረጋ ደምም በዚሁ ስም ይጠራል። የሰውን ልጅ አፈጣጠር የሚያወሳው የቁርኣን 96ኛ ምዕራፍ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ቃል ነው። ልብ የማይለቀው ውድ ዕቃ «ዒልቅ»፣ ሰውን ከሰው የሚያያይዘው ፍቅርና ግንኙነት «ዐላቃ»፣ በመጽሐፍ ኅዳግ የሚጻፍ ማብራሪያ «ተዕሊቅ» ይባላል። ከእስልምና በፊት የተደረሱት ዝነኛ ረጃጅም ግጥሞችም «ሙዐለቃት»፣ ማለትም የተንጠለጠሉት፣ ተብለዋል። በካዕባ ላይ ተሰቅለው ነበር የሚለውን ትውፊት ብዙ ሊቃውንት ቢጠራጠሩትም ስሙ ግን አልለቀቃቸውም።

እኛስ? ግዕዝ የዐረብኛ ዘመድ ነውና ከዚህ ቤተሰብ አንዷን ይዞ ቀርቷል። እርሷም «ዐለቅት» ናት፤ የዛሬዋ አልቅት። ዕብራይስጡም «ዐሉቃ» ይላታል፤ በመጽሐፈ ምሳሌ 30ኛ ምዕራፍ ከማይጠግቡት ጋር የተነሣችው እርሷ ናት። ስለዚህ ቃሉ ከዐረብ ነጋዴ የተቀዳ ሳይሆን ሦስቱም ቋንቋዎች ከጥንት የወረሱት ሀብት ነው። በሬው ጉሮሮ ውስጥ አልቅት የገባችበት ገበሬ ስሟ ለምን ከመጣበቅ እንደ ወጣ አስረጂ አያስፈልገውም።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። «አልቅት»ን «አለቀ» ከሚለው ግስ ጋር ማዛመድ ቀላል ነው፤ ደም መጣ ትጨርሳለችና! ነገር ግን «አለቀ» የመጣው ከግዕዙ «ኀልቀ» ነው፤ መነሻው ኀ እንጂ ዐ አይደለም። አማርኛ የጉሮሮ ድምፆቹን ስለ ጣለ ሁለቱ ባዕዳን በአንድ አ ሥር ተገናኙ። ሞክሼ ፊደላት ይቀነሱ የሚለው ክርክር በተነሣ ቁጥር ይህን ማስታወስ ደግ ነው። ለዛሬ አንባቢ ትርፍ የሚመስለው ዐ የቃሉን የዘር ሐረግ የያዘ ማኅተም ነው። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ በ1948 ዓ.ም. በታተመው መዝገበ ቃላታቸው ግዕዙን ከዕብራይስጥና ከዐረብኛ ጋር ሲያነጻጽሩ የደከሙት ይህን ሐረግ ለማቆየት ነበር።

በዚያው በ1948 ዓ.ም. በምዕራብ ድንበራችን አንድ የተንጠለጠለ ነገር ተበጠሰ። ነገሩ እንዲህ ነው። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክና የእንግሊዙ ወኪል ሃሪንግተን አዲስ አበባ ላይ የድንበር ውል ተፈራረሙ። በአራተኛው አንቀጽ በኢታንግ አቅራቢያ፣ በባሮ ዳር፣ የወንዝ ፊቱ ከ2000 ሜትር፣ ስፋቱም ከ400 ሄክታር የማይበልጥ መሬት ለሱዳን መንግሥት የንግድ ጣቢያ እንዲከራይ ተፈቀደ። የተመረጠው ቦታ ጋምቤላ ሆነ። ክረምት ባሮ ሲሞላ ከሱዳን የሚመጡ መርከቦች ጨው አራግፈው የምዕራቡን ቡና ይጭኑ ነበር። ከጨዉ ጋር ዐረብኛም ወረደ። የአኙዋክና የኑዌር ቋንቋዎች ከሴም ቤተሰብ ስላልሆኑ ይህ ሥር ለባሮ ዳር ሰው ባዕድ ነበር። ደገኛውም ዘመዱን በቀላሉ አይለየውም፤ ሱዳኖች ቃፍን እንደ ገ ስለሚያሰሙት «ዐለቅ» በአፋቸው «ዐለግ» ይሆናል።

የሚገርመው ግን ውሉ ራሱ የዚህን ሥር ጠባይ የያዘ መሆኑ ነው። በእስልምና ሕግ ውልን ወይም ፍቺን በሁኔታ ላይ ማንጠልጠል «ተዕሊቅ» ይባላል። በቁርኣን አራተኛ ምዕራፍ ደግሞ ባሏ ትቷት፣ ግን ሳይፈታት የምትኖር ሴት «ሙዐለቃ» ተብላለች፤ የተንጠለጠለች ማለት ነው። የጋምቤላም ኪራይ የተሰቀለው ሱዳን በእንግሊዝና በግብጽ አስተዳደር ሥር እስከ ቆየች ድረስ በሚል ሁኔታ ላይ ነበር። መሬቱ የኢትዮጵያ፣ አስተዳዳሪው የሱዳን፤ ያገባችም የተፈታችም ያልሆነች ወደብ። ሱዳን ነጻ ስትወጣ ሁኔታው ቀረ፤ ጣቢያውም ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ።

እንግዲህ ያ ወደብ ለኢትዮጵያ አልቅት ነበር ወይስ ዐላቃ? የወለጋና የኢሉባቦር ቡና በር አግኝቶበታል፤ የባዕድ ሹምም በሀገሪቱ አፈር ላይ አዝዞበታል። ሁለቱም እውነት ነው። ውሉን ከተፈራረሙት መካከል ግን የባሮ ዳር ባለቤቶች፣ አኙዋኮችም ኑዌሮችም፣ አልነበሩበትም።

ዐረብኛ ለመጣጯና ለወዳጁ አንድ ሥር ማበጀቱ ያለ ምክንያት አይደለም፤ የሚጣበቅ ሁሉ ሁለቱንም መሆን ይችላልና። የሚለዩት በአለቃቀቃቸው ነው። አልቅት ሳትጠግብ አትለቅም፤ ደህና ውል ግን የሚለቅበትን ሁኔታ ገና ሲታሰር ይናገራል። የጋምቤላው ተናግሮ ነበር፤ ለቀቀም።