ከዘጠነኛው ጎዳና የተላኩ ጥቅሎች

በቤተ መዘክር፣ በመዝገብ ቤት፣ በቅርስ ሥፍራና በትምህርት ቤት ተመድቦ ታሪክን ለሕዝብ የሚያደርስ ባለሙያ ዕውቀቱን የሚያድስበትን ትምህርት ከወዴት ያገኛል? በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ አዳራሾችን ባዘጋ ጊዜ ብዙ የሙያ ማኅበራት ጉባኤያቸውንና ሥልጠናቸውን ወደ በይነ መረብ አዛወሩ፤ ነገሩም ቀዳሚ የሌለው አዲስ ዘዴ ተደርጎ ተወራለት። ይሁን እንጂ በርቀት ማስተማርና በርቀት ማስተባበር በዚህ ሙያ ውስጥ መቶ ዓመት ገደማ የሆነው ልማድ ነው። ለዚህም ጎልቶ የሚታየው ምሳሌ በዋሽንግተን ከተማ፣ በዘጠነኛው ጎዳና በሚገኝ አንድ ፎቅ ቤት ውስጥ የተሠራው ሥራ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የቤቱ ባለቤት ዶክተር ካርተር ዉድሰን በ1875 በቨርጂኒያ ክፍለ ግዛት በባርነት ውስጥ ካለፉ ወላጆች ተወለዱ። በወጣትነታቸው በዌስት ቨርጂኒያ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ውስጥ ይሠሩ ነበር። የታሪክ ፍቅር ያደረባቸውም በዚያ እንደ ነበር ኋላ ጽፈዋል። ኦሊቨር ጆንስ የሚባል፣ በእርስ በርስ ጦርነቱ የዘመተ ጥቁር ማዕድን ቆፋሪ ቤቱን ለባልንጀሮቹ መሰብሰቢያ አድርጎት ነበር። ጆንስ ፊደል አልቆጠረም። ስለዚህ ጋዜጣና መጻሕፍት እየገዛ ወጣቱን ዉድሰንን ያስነብበዋል፤ ዋጋውንም በፍራፍሬ ይከፍለዋል። ንባቡ ሲያበቃ ክርክሩ ይጀመራል። የዘመቱት ያዩትን ይጨምራሉ፤ ያልዘመቱት ይጠይቃሉ። ከዓመታት በኋላ፣ በ1912፣ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በታሪክ የዶክትሬት ማዕርግ የተቀበለው ሰው የመጀመሪያውን የታሪክ ጉባኤ የተካፈለው በዚያ ቤት ውስጥ ነበር ማለት ይቻላል።

ዶክተር ዉድሰን በ1915 በቺካጎ ከጥቂት ባልንጀሮቻቸው ጋር የጥቁር አሜሪካውያንን ሕይወትና ታሪክ የሚያጠና ማኅበር መሠረቱ። በማግሥቱ ዓመት የምርምር መጽሔት ታተመ፤ በ1921 ማተሚያ ድርጅት ተቋቋመ፤ በ1922 የዘጠነኛው ጎዳና ቤት ተገዛ። በዚያው ዓመት «ኔግሮ በታሪካችን ውስጥ» የተሰኘው መማሪያ መጽሐፋቸው ወጣ። የምርምር መጽሔቱ በሊቃውንት ዘንድ ክብርን አገኘ። ነገር ግን በደቡብ ክፍላተ ግዛት፣ በዘር በተከፋፈሉ ትምህርት ቤቶች ውስጥ በአንድ ክፍል ብዙ ልጆችን የምታስተምረው መምህርት ለእንዲህ ያለው መጽሔት ጊዜም ገንዘብም አልነበራትም። የማኅበሩ ጥያቄ እንግዲህ እርሷን እንዴት እናግኛት የሚል ሆነ።

ለጥያቄው ሁለት መልሶች ተሰጡ። አንደኛው በ1926 የተጀመረው፣ በዘመኑ አጠራር «የኔግሮ ታሪክ ሳምንት» የተባለው ነው። ጊዜው በፌብሩዋሪ ወር ሁለተኛ ሳምንት እንዲሆን የተመረጠው ሕዝቡ ቀድሞውኑ የአብርሃም ሊንከንንና የፍሬድሪክ ዳግላስን ልደት በዚያ ሰሞን ያከብር ስለ ነበር ነው። ሕዝብ ባላወቀው ቀን አዲስ በዓል ከመትከል በሚያውቀው ቀን ላይ አዲስ ይዘት መጨመር ይቀላል፤ ይህ የብልህ ሰው ምርጫ ነበር። ከዘጠነኛው ጎዳና ሥዕሎች፣ አጫጭር ተውኔቶች፣ የትምህርት ዕቅዶችና የታላላቅ ቀኖች ዝርዝር በጥቅል እየታሰሩ በፖስታ ይላኩ ጀመር። ሁለተኛው መልስ በ1927 የተከፈተው የተልእኮ ትምህርት ክፍል ነው። ይህ የኮሌጅ ወግ ያለው፣ ተማሪው በግሉ ተመዝግቦ፣ ክፍያ ከፍሎ፣ ብቻውን የሚከታተለው ትምህርት ነበር።

ሁለተኛው እንደ ታሰበው አልሠመረም። ምክንያቱ የይዘት ጉድለት አይመስልም። የተልእኮው ትምህርት አንድ ሰው በማታ፣ ከሥራ ደክሞ ሲገባ፣ ብቻውን እንዲማር ይጠይቀው ነበር። ጥቅሉ ግን ብቻውን ሊከፈት አይችልም። ተውኔቱ ተዋንያንን ይሻል፤ ሥዕሉ ግድግዳና ተመልካችን ይሻል፤ የቀኖቹ ዝርዝር የሚያነብለት ሰው ይፈልጋል። ስለዚህ ጥቅሉ በደረሰበት ሁሉ የትምህርት ቤት አዳራሽ፣ የቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት፣ የሴቶች ክበብ ወደ ጉባኤነት ተለወጠ። መምህርቷም ለሳምንቱ ስትዘጋጅ ራሷ ተማረች።

ነገሩ የሰላም ሥራ ብቻ አልነበረም። በ1925 በኦክላሆማ የሙስኮጊ ከተማ የትምህርት ቦርድ የዶክተር ዉድሰንን መማሪያ መጽሐፍ አገደ፤ መጽሐፉ የተገኘበት የጥቁሮች ትምህርት ቤት ርእሰ መምህርም ሥራቸውን እንዲለቁ ተገደዱ። በ1930ዎቹ መጀመሪያ በሉዊዚያና አንዲት ወጣት መምህርት መንግሥት የሰጣትን የትምህርት መርሐ ግብር በጠረጴዛዋ ላይ ዘርግታ፣ የዶክተር ዉድሰንን መጽሐፍ በጉልበቷ ላይ ደብቃ ታነብ እንደ ነበር ከተማሪዎቿ አንዱ ካደገ በኋላ ተናግሯል። በሩ ሲከፈት ዓይኗን ወደ ጠረጴዛው ትመልሳለች፤ ሲዘጋ ወደ ጉልበቷ። እንዲህ ላለችው ባለሙያ በሌላ ከተማ ሌላ መምህርት ይህንኑ እንደምታነብ ማወቅ ከሥልጠናው ባልተናነሰ ያበረታ ነበር።

በ1930ዎቹ የታላላቅ በጎ አድራጎት ድርጅቶች ርዳታ ሲቋረጥ ማኅበሩ የቆመው ከእነዚሁ መምህራን፣ ምእመናንና የክበብ አባላት በሚሰበሰብ ጥቃቅን ገንዘብ ነው። በ1937፣ በማኅበሩ ፕሬዚዳንት በሜሪ ማክሊዮድ ቤቱን ግፊት፣ ለመምህራንና ለሕዝብ የሚሆን ቀለል ያለ መጽሔት ተጨመረ፤ የሚወጣውም ትምህርት ቤት ክፍት በሚሆንባቸው ወራት ነበር።

በዚያችው በዋሽንግተን፣ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የአፍሪካን ታሪክ ያስተምሩ የነበሩት ዊሊያም ሊዮ ሃንስቤሪ በ1934 የኢትዮጵያ ጥናት ምክር ቤት ሲመሠርቱ አብረዋቸው ከሠሩት አንዱ በዩኒቨርሲቲው ሕክምና ያጠኑ የነበሩት መላኩ በያን ናቸው። የዚህ ምክር ቤት ተግባርም ለአሜሪካ ሕዝብ ስለ ኢትዮጵያ ታሪክ ማስረዳት ነበር። በ1935 ፋሺስት ኢጣልያ አገራችንን ስትወር አሜሪካ ውስጥ ስለ ኢትዮጵያ የሚጠይቅ ሰው እጅግ በዛ፤ ለሕዝብ የሚናገሩ የታሪክ ሰዎች አስቀድመው መዘጋጀታቸው የጠቀመው ያን ጊዜ ነው። ሃንስቤሪ በ1964 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት ተቀብለዋል።

ዶክተር ዉድሰን በ1950 በዚያው በዘጠነኛው ጎዳና ቤታቸው ዐረፉ። በ1976 ሳምንቱ ወደ ወር አደገ። በዚያው ዓመት በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በሳንታ ባርባራ፣ ከዩኒቨርሲቲ ውጭ ለሚሠሩ የታሪክ ባለሙያዎች የተለየ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ተከፈተ፤ ሙያውም የታወቀ ስም አገኘ። ስሙ ከመውጣቱ ሃምሳ ዓመት በፊት ሥራው በመምህራን እጅ ይሠራ እንደ ነበር የሙያውን አጀማመር የሚተርኩ ሰዎች ብዙ ጊዜ ይዘነጉታል።

ማኅበሩ በ2020 መቶ አምስተኛ ዓመታዊ ጉባኤውን በበይነ መረብ አካሄደ። የጉዞና የሆቴል ወጪ ቀረ፤ ከትንሽ ከተማ መውጣት የማይችል መምህርም ቤቱ ተቀምጦ ገባ። ይህ እውነተኛ ጥቅም ነው። ሆኖም ብቻውን በማያ ገጽ ፊት የተቀመጠ አድማጭ ይበልጥ የሚመስለው የ1927ቱን የተልእኮ ተማሪ ነው፤ ትምህርቱ እንዲዘልቅ ጥቅሉን ተቀብሎ የሚከፍት ጉባኤ በሌላኛው ጫፍ ያስፈልገዋል። ማኅበሩ ዛሬም በየዓመቱ አንድ መሪ ርእስ ያወጣል፤ ርእሱ ከዋሽንግተን ይላካል፣ ተውኔቱን፣ ንግግሩንና ክርክሩን ግን በየከተማው ያሉ ቅርንጫፎች ያዘጋጁታል።