ናፍቆት እንደ ሕመም፦ ከባዝል እስከ ዘነበወርቅ

የአገር ናፍቆት ከሕክምና መዝገብ የገባው በአንድ የሕክምና ተማሪ እጅ ነው። ዮሐንስ ሆፈር የተባለ የ19 ዓመት ወጣት በ1688 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በስዊዘርላንድ ባዝል ባቀረበው ጥናታዊ ጽሑፍ ከቀያቸው ርቀው በሐዘን የሚመነምኑ ሰዎችን ሕመም ገለጸ። «መመለስ» እና «ሕመም» የሚል ፍቺ ያላቸውን ሁለት የግሪክ ቃላት አጣምሮም «ኖስታልጂያ» የሚል ስም አወጣለት። ከገለጻቸው ሕሙማን አንዱ ከበርን ለትምህርት ወደ ባዝል የመጣ ወጣት ነበር። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው መንገድ ከአዲስ አበባ እስከ አዳማ ካለው ብዙም አይለይም። ያም ሆኖ ተማሪው በትካዜና በማያቋርጥ ትኩሳት ተይዞ ከሞት አፋፍ ደረሰ። ወደ ቤቱ እንዲመለስ ተወስኖ ለጉዞው ሲሰናዳ ግን ይሻለው ጀመር፤ በርን ከመግባቱ በፊትም በመንገድ ላይ ሳለ ዳነ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ቁም ነገሮች ይገኛሉ። ናፍቆትን የሚያከብደው የመንገዱ ርዝመት ብቻ አይደለም፤ ፈውሱም የጀመረው ሕመምተኛው ቤቱ ሲገባ ሳይሆን መመለሻው ክፍት መሆኑን ባወቀ ጊዜ ነው።

አንትሮፖሎጂስቱ ካሌርቮ ኦበርግ በ1954 በሪዮ ዴ ጃኔሮ ባደረገው ንግግር ይህንኑ ጉዳይ በሌላ ገጹ ተመለከተው። «የባህል ድንጋጤ» ብሎ የገለጸው ጭንቀት ሰው ሳያስብባቸው የሚመራባቸውን ጥቃቅን የኑሮ ምልክቶች ሲያጣ የሚመጣ ነው። መጀመሪያ ሁሉ ነገር ያስደስተዋል፤ ቀጥሎ ያበሳጨዋል፤ ከአገሩ ልጆች ጋር ተሰብስቦ አስተናጋጁን አገር ያማል፤ ቋንቋውን ሲለምድ ቀስ በቀስ ይረጋጋል። ለኢትዮጵያዊ ተማሪ ይህን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያሻም። ምግብ ሲቀርብለት «በልቻለሁ» ማለትን እንደ ጨዋነት የተማረ ልጅ፣ «በሞቴ» ብሎ ደግሞ የሚለምነው በሌለበት አገር ጦሙን ያድራል።

የኢትዮጵያ ታሪክ የዚህን ሕመም ሁለት መልኮች ይዟል። በ1868 ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ከሞቱ በኋላ የእንግሊዝ ጦር ይዟቸው ከወጣ ልጆች አንዱ ልዑል ዓለማየሁ ነበር። ዕድሜው ሰባት ዓመት ሲሆን እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ አገር ሳይለቁ በመንገድ ላይ ዐረፉ። አማርኛ የሚያውቀውና ልጁ የለመደው ሻምበል ስፒዲም ውሎ አድሮ ከአሳዳጊነቱ ተለየ። ዓለማየሁ በራግቢና በሳንድኸርስት ተምሮ በ1879 በሊድስ ከተማ በሳንባ ሽፋን ብግነት ሞተ፤ 18 ዓመቱ ነበር። ለሞቱ ናፍቆትን ምክንያት ማድረግ አይቻልም። በባዕድ አገር ያለ አንድ ዘመድ መኖሩን ግን ንግሥት ቪክቶሪያ ራሳቸው በዕለት ማስታወሻቸው በሐዘን መዝግበውታል።

በዚያው ዘመቻ ሕፃኑ ወርቅነህ እሸቴ በእንግሊዝ መኮንኖች ወደ ሕንድ ተወሰዱ። ቻርልስ ማርቲን ተብለው አደጉ፤ በ1882 በላሆር ሕክምና ተመረቁ፤ በበርማም አገለገሉ። ከዓድዋ ድል በኋላ ወደ አገራቸው ሲመጡ አማርኛ ረስተው ነበር። አያታቸው በሰውነታቸው ላይ ባሉ ጠባሳዎች ለይተው «ልጄ ነው» እስኪሉ ድረስ በገዛ አገራቸው ባዕድ ነበሩ። የባህል ድንጋጤ ሲመለሱም እንደሚያጋጥም ከዚህ የበለጠ ምስክር አይገኝም። በኋላ ሐኪም ወርቅነህ በ1925 የተከፈተውን የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በበላይነት መርተዋል።

ኢትዮጵያ ልጆቿን ለትምህርት የምትልክ ብቻ ሳትሆን የሌላውን አገር ልጅ የምትቀበልም ሆናለች፤ ለዚህም የዛሬው ኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ምስክር ነው። ኔልሰን ማንዴላ በ1962 በኮልፌ ወታደራዊ ሥልጠና ወስደዋል፤ ኮሎኔል ታደሰ ብሩም አስተምረዋቸዋል። በዚያው ዓመት መጀመሪያ ከካርቱም ወደ አዲስ አበባ ሲበሩ የአውሮፕላኑ አብራሪ ጥቁር መሆኑን አይተው ለቅጽበት መደንገጣቸውን በግለ ታሪካቸው ጽፈዋል። ድንጋጤው የአፓርታይድ ትምህርት ምን ያህል ዘልቆ እንደ ነበር አሳያቸው። የባዕድ አገር እንግዳነት የተሳሳተ ትምህርትንም ይሽራል ማለት ነው።

በዚሁ ክፍለ ከተማ በዘነበወርቅ ሰፈር፣ ከ1930ዎቹ ጀምሮ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ይታከሙበት በነበረው ሥፍራ፣ በ1965 የአለርት ማዕከል ተቋቋመ። ከአፍሪካና ከሌሎች አህጉራት የመጡ ሐኪሞችና የጤና ባለሙያዎች ስለ ሥጋ ደዌ ሠለጠኑበት። ሠልጣኞቹ ሲመረቁ ወደ አገራቸው የሚመለሱ ነበሩ። ከጎጃም፣ ከጎንደር፣ ከወሎና ከሌሎችም አውራጃዎች የመጡት ሕሙማን ግን ብዙዎቹ ከበሽታው ቢድኑም መንደራቸው አልተቀበላቸውም። በሆስፒታሉ ዙሪያ ቤት ሠሩ፤ ተጋቡ፤ ልጆች አሳደጉ። መመለሻ የተዘጋበት ሰው ባለበት ቦታ ጎረቤት ሲያገኝ እንደሚቆም ያሳዩት እነርሱ ናቸው።

ከእነዚህ ታሪኮች የሕክምና ባለሙያው የሚወስደው ትምህርት አለ። ዛሬም ወጣቶች ለትምህርት ወደ ውጭ ይሄዳሉ፤ ከክፍለ ሀገር ወደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲዎች የሚመጡትም ባሕር ባይሻገሩ ቤታቸውን ለቀዋል። ራስ ምታት፣ የሆድ ሕመም ወይም የእንቅልፍ እጦት ይዞ የሚቀርብ ተማሪን አስፈላጊውን ምርመራ ካደረጉለት በኋላ «ከመጣህ ስንት ጊዜ ሆነህ? ማን አለህ?» ብሎ መጠየቅ የምርመራው አካል ነው። ናፍቆት ስንፍና አለመሆኑን ሊነግሩት፣ ቋንቋውን እንዲለምድ፣ ከአገሩ ልጆችም ከአስተናጋጆቹም ወዳጅ እንዲያፈራ፣ ከቤተሰቡ ጋር እንዳይቆራረጥ ሊመክሩት ይገባል። ትካዜው ከሁለት ሳምንት በላይ ያለ ፋታ ሲጸና፣ ምግብና ትምህርት ሲያስተው፣ ወይም የሞት ሐሳብ ሲመጣበት ግን ናፍቆት ነው ብሎ መተው አይገባም፤ የድባቴ ሕክምና ያስፈልገዋል። የሞት ሐሳብ ካለበት ደግሞ ያን ቀን ብቻውን አይሰናበትም።

የበርኑን ተማሪ ያዳነው ሕመሙን ያመነለትና መንገዱን የከፈተለት ሰው ማግኘቱ ነው። ባሕር ማዶ ልጁን የሚሸኝ ወላጅም ሆነ ተማሪ የሚልክ ተቋም ከስንቁ ጋር አንድ ቃል ሊጨምርለት ይገባል፤ ተምሮ ቢመጣም ከብዶት ቢመለስም በሩ እንደማይዘጋበት አስቀድሞ ይንገረው።