ክላስ ኤ ሞተርሆም

ክላስ ኤ ሞተርሆም በራሱ ሞተር የሚንቀሳቀስ፣ በውስጡ መኝታ፣ ማብሰያ፣ መጸዳጃና ሻወር ያለው፣ አውቶቡስ የሚያህል የመኖሪያ ተሽከርካሪ ነው። ስያሜው በሰሜን አሜሪካ ከተለመደው አከፋፈል የመጣ ነው። በዚህ አከፋፈል ክላስ ቢ የሚባለው በቫን ውስጥ የተሠራው አነስተኛው ዓይነት ሲሆን፣ ክላስ ሲ ደግሞ የፋብሪካው ጋቢና እንዳለ ሆኖ ከኋላው ቤት የተገጠመለት መካከለኛው ነው። ክላስ ኤ ግን ከባዶ ሻሲ ተነሥቶ ይገነባል። ከፊቱ ባለው ሰፊና ጠፍጣፋ መስታወት በቀላሉ ይለያል። በአማርኛ «ተንቀሳቃሽ ቤት» ሊባል ይችላል፤ ይሁንና ይህ ስም በሌላ መኪና የሚጎተተውንም ስለሚያጠቃልል፣ በዚህ ጽሑፍ ሞተርሆም የሚለው ቃል ተይዟል።

ርዝመቱ ብዙውን ጊዜ ከ8 እስከ 14 ሜትር፣ ስፋቱ 2.6 ሜትር ገደማ፣ ቁመቱም በጣሪያው ላይ ከሚቀመጠው አየር ማቀዝቀዣ ጋር ከ3.6 እስከ 4.1 ሜትር ይደርሳል። ባለቤቱ የጭነት መኪናና ቤት በአንድ ላይ ስለሚይዝ የሁለቱንም ጥገና ይሸከማል። ከዚህም በላይ ሞተርሆም እንደ ሌላ መኪና በመሄድ ብቻ አይጎዳም፤ በዓመት ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ቆሞ ስለሚያሳልፍ ብዙው ጉዳት የሚደርስበት በቆመበት ነው።

አመጣጥ

በመኪና ላይ ቤት የመሥራት ሐሳብ ከመኪናው ዕድሜ ብዙም አያንስም። በዛሬው መልኩ ግን ሞተርሆም የተስፋፋው እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ ነው። በሚሺጋን ግዛት ይኖር የነበረው ሬይ ፍራንክ በዶጅ ሻሲ ላይ የሠራቸው ተሽከርካሪዎች ከመጀመሪያዎቹ ይቆጠራሉ። በአዮዋ ግዛት በፎረስት ሲቲ የሚገኘው ዊነቤጎ ኩባንያ በ1966 ሞተርሆም ማምረት ሲጀምር ዋጋው ቀንሶ ለመካከለኛ ገቢ ቤተሰቦችም ቀረበ። ጄኔራል ሞተርስ ከ1973 እስከ 1978 ያመረተው ጂ.ኤም.ሲ. ሞተርሆም የፊት ጎማዎቹ የሚነዱ ስለነበር ወለሉ ዝቅ ያለ ነበር፤ ዛሬም ጠጋግነው የሚነዱት ሰዎች አሉ። የኢንዱስትሪው ማዕከል በኢንዲያና ግዛት የምትገኘው የኤልክሃርት ከተማና አካባቢዋ ነው።

ሞተርና ሻሲ

ክላስ ኤ ሞተርሆሞች በሁለት ይከፈላሉ። የቤንዚኖቹ ሞተራቸው ከፊት ሲሆን ብዙዎቹ በፎርድ ሻሲ ላይ የተሠሩ ናቸው። የናፍጣዎቹ ሞተር ብዙ ጊዜ ከኋላ ስለሚቀመጥ ሹፌሩ ዘንድ የሚደርሰው ድምፅ ዝቅተኛ ነው፤ የአየር ፍሬንና የአየር ትራስም አላቸው። ናፍጣው ዳገትና ከባድ ጭነት ይችላል፣ ነገር ግን ዘይትና ማጣሪያ መቀየሩ ራሱ ከቤንዚኑ በብዙ ይወደዳል። የነዳጅ ፍጆታቸው በ100 ኪሎ ሜትር ከ24 እስከ 40 ሊትር ይገመታል።

ክብደት

አዲስ ባለቤቶች ከሁሉ በላይ የሚስቱት ክብደትን ነው። ተሽከርካሪው ሰፊ ቁም ሣጥኖችና ከወለሉ በታች ትላልቅ የዕቃ ክፍሎች ስላሉት ቦታ የበቃው ሁሉ የሚጫን ይመስላል። ሻሲው፣ ፍሬኑና ጎማው ግን የተወሰነ ክብደት ለመሸከም የተሠሩ ናቸው። በአሜሪካ በሚሸጡት ላይ ከመግቢያው በር አጠገብ የሚለጠፈው ቢጫ ወረቀት፣ ሰውና ዕቃ በአንድነት ከስንት ኪሎ መብለጥ እንደሌለባቸው ይናገራል።

ለምሳሌ ወረቀቱ 1,100 ኪሎ ቢል፣ አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ስለሚመዝን 300 ሊትር ውሃ ብቻውን 300 ኪሎ ይወስዳል። አራት ሰዎች ወደ 280 ኪሎ ይሆናሉ። የቀረው 520 ኪሎ ለምግብ፣ ለልብስ፣ ለዕቃ ማጠቢያና ማብሰያ፣ ለመሣሪያ ሳጥን፣ ለወንበርና ለብስክሌት ነው። ትንሽ የማይመስል ቁጥር ነው፤ ቤተሰብ ለአንድ ወር ሲጭን ግን ቶሎ ያልቃል።

አስተማማኙ መንገድ ተሽከርካሪውን ለጉዞ እንደተሰናዳ፣ ሰዎቹም ውስጥ ተቀምጠው፣ በከባድ መኪና ማደያዎች በሚገኘው ሚዛን ማስመዘን ነው። ጠቅላላው ክብደት ደህና ሆኖ አንደኛው አክስል ከመጠን በላይ ሊጫን ስለሚችል የፊትና የኋላው ለየብቻ ይመዘናሉ። የእያንዳንዱን ጎን ጎማ ለየብቻ ማስመዘን ከተቻለ ደግሞ የበለጠ ነው፤ ፍሪጁ፣ ምድጃውና ወደ ውጭ የሚወጣው የክፍሉ ግድግዳ በአንድ ወገን ከሆኑ ያ ወገን ይከብዳል።

ጎማ

የተራ መኪና ጎማ ጥርሱ አልቆ ይጣላል። የሞተርሆም ጎማ ግን ጥርሱ ገና አዲስ መስሎ በዕድሜ ያረጃል። ለወራት በአንድ ቦታ ሲቆም ፀሐይና በአየር ውስጥ ያለው ኦዞን ጎማውን ያደርቁታል፤ በጎኑ ላይ ቀጫጭን ስንጥቆች ይታያሉ፣ አንዳንዴም ሳይታዩ ውስጡ ይዳከማል። ስለዚህ ከጥርሱ ይልቅ የተሠራበትን ቀን ማየት ይገባል። በጎማው ጎን ከታተመው ረጅም ኮድ የመጨረሻዎቹ አራት ቁጥሮች ሳምንቱንና ዓመቱን ያሳያሉ፤ 2319 ማለት በ2019 ዓመት በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ በየዓመቱ በባለሙያ ማስመርመር የተለመደ ሲሆን፣ ብዙ ባለቤቶች ሰባት ዓመት ገደማ ሲሞላው ይቀይሩታል። ጎማ ሻጭ «አዲስ» ብሎ የሚያቀርበውም መጋዘን ውስጥ ዓመታት የቆየ ሊሆን ስለሚችል ኮዱን ከመግጠም በፊት ማንበብ አይከፋም።

የጎማው ንፋስ የሚለካው ጎማው ሳይሞቅ፣ ከጉዞ በፊት ነው። ትክክለኛው መጠን የሚገኘው የጎማው አምራች ከሚያወጣው የጭነት ሠንጠረዥ ሲሆን፣ ለዚህም በሚዛን የተገኘው ክብደት ያስፈልጋል። ከኋላ ጥንድ ሆነው ከሚገጠሙት የውስጠኛው ጎማ ንፋስ ቢያልቅበት ከውጭ አያስታውቅም፤ ጓደኛው ሁለቱንም ጭነት ተሸክሞ ይሞቃል። በየጎማው የሚገጠም የንፋስ መቆጣጠሪያ ዋጋው ከአንድ ጎማ ዋጋ ብዙም አይርቅም፤ ይህን መቆጠብ ብዙ ትርጉም የለውም።

የፊት ጎማ በፍጥነት ላይ ሳለ ቢፈነዳ ተሽከርካሪው ወደ ፈነዳበት ወገን ይሳባል። የሰው ደመ ነፍስ ፍሬን መርገጥ ነው፤ ይህ ግን ስበቱን ያባብሰዋል። የጎማ አምራቾች የሚያስተምሩት ነዳጅ ሳይለቁ፣ መሪውን አጥብቆ ይዞ ተሽከርካሪውን በመስመሩ ማቅናት፣ ከተረጋጋ በኋላ ቀስ በቀስ ፍጥነት ቀንሶ ከመንገድ መውጣት ነው።

ጣሪያና እርጥበት

ቤቱን የሚገድለው ውሃ ነው። የብዙዎቹ ግድግዳ በቀጭን ጣውላና በፎም ላይ ፋይበር ግላስ ተለጥፎበት የሚሠራ በመሆኑ፣ በጣሪያው ላይ በፀጉር ስፋት የተከፈተ ስንጥቅ በሁለትና በሦስት የዝናብ ወቅት ግድግዳውን ሊያበሰብስ ይችላል። ጣሪያው ራሱ እምብዛም አያፈስም። የሚያፈሰው አየር ማቀዝቀዣው፣ የአየር ማስወጫው፣ አንቴናውና የብርሃን መስኮቱ ጣሪያውን በስተው ባለፉበት ዙሪያ ያለው ማሸጊያ ሲደርቅ ነው። በዓመት ቢያንስ ሁለት ጊዜ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ማየት፣ የተሰነጠቀውንም ለጣሪያው ዓይነት በተሠራ ማሸጊያ መድፈን ያስፈልጋል። የላስቲክ ጣሪያ ላይ ሲሊኮን አይቀባም፤ በነዳጅ ዘር ማጽጃም አይታጠብም።

ያገለገለ ሞተርሆም የሚገዛ ሰው ሞተሩን ከማስነሣቱ በፊት ቁም ሣጥኖቹን ከፍቶ ቢያሸት ይሻለዋል። የሻጋታ ሽታ፣ በኮርኒሱ ላይ ያለ ቡናማ ቅርፊት፣ ሲረገጥ የሚለሰልስ ወለል፣ ከውጭ እንደ ውሃ የቋጠረ ቁስል ያበጠ ግድግዳ ሁሉም አንድ ነገር ይናገራሉ። የደከመ ሞተር ይጠገናል፤ የበሰበሰ ግድግዳ ግን ብዙ ጊዜ ከተሽከርካሪው ዋጋ በላይ ያስወጣል።

ኤሌክትሪክ

ሁለት የኤሌክትሪክ ሥርዓቶች ጎን ለጎን ይሠራሉ። መብራት፣ የውሃ ፓምፕና መቆጣጠሪያዎች ከባትሪ በ12 ቮልት፣ አየር ማቀዝቀዣና ማይክሮዌቭ ደግሞ በአሜሪካ በ120 ቮልት ይሠራሉ። የካምፕ ማሰኪያው 30 አምፔር ከሆነ የሚሰጠው 3,600 ዋት ነው። የ50 አምፔሩ ሁለት መስመር ስላለው 12,000 ዋት ይሰጣል፤ ከስሙ እንደሚጠበቀው እጥፍ እንኳ ያልሞላ ሳይሆን ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። በ30 አምፔር ሁለት አየር ማቀዝቀዣና ማይክሮዌቭ አብሮ ማስነሣት ማቋረጫውን ያስወረውራል። በየካምፑ ያለው ሶኬት ሁሉ በትክክል ስለማይዘረጋ፣ መስመሩን የሚመረምርና ከመጠን በላይ የሆነ ቮልቴጅ የሚከላከል መሣሪያ በመካከል ይሰካል።

የቆዩት ሞተርሆሞች ፍሪጅ ብዙ ጊዜ በሙቀት ኃይል የሚሠራው ዓይነት ነው። ይህን አሠራር በ1922 የፈለሰፉት ስዊድናውያኑ ባልትዛር ፎን ፕላተንና ካርል ሙንተርስ ናቸው። ፓምፕ ስለሌለው ውስጡ ያለው ፈሳሽ የሚወርደው በስበት ብቻ ነው፤ ተሽከርካሪው ዘንብሎ ቆሞ ለረጅም ጊዜ ቢሠራ ማቀዝቀዣው ለዘለቄታው ይበላሻል።

አዳዲሶቹ መብራቱን፣ መጋረጃውንና ማሞቂያውን በአንድ የዳታ መስመር አገናኝተው ከስክሪን ያስተዳድራሉ። ለዚህ የሚያገለግለው አር.ቪ.-ሲ የተባለው ስምምነት በመኪኖች ውስጥ በሚሠራበት በካን አውታር ላይ የተመሠረተ ነው። ምቹ ነው፤ ነገር ግን ስክሪኑ ሲደርቅ የመኝታ ቤት መብራት አልጠፋ ብሎ ማደሩም የዚሁ ምቾት ክፍል ነው። ስለዚህ የፊዩዞቹን ቦታና የእጅ መቆጣጠሪያዎቹን አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል።

ውሃና ፍሳሽ

ሦስት ታንከሮች አሉ፤ የንጹሕ ውሃ፣ የመታጠቢያ ፍሳሽና የመጸዳጃ ፍሳሽ። የመጸዳጃው ታንከር ማስወጫ ሲሞላ እንጂ ሁልጊዜ ክፍት አይተውም፤ ክፍት ከሆነ ፈሳሹ ብቻ ሄዶ ደረቁ ታንከሩ ውስጥ ይከመራል፣ ይህንንም ማስወጣት ማንም የማይመኘው ሥራ ነው። በማፍሰሻ ቦታ አስቀድሞ የመጸዳጃው፣ ቀጥሎ የመታጠቢያው ይለቀቃል፤ የኋለኛው ቱቦውን ያጥበዋል። የመጠጥ ውሃ ቱቦና የማጠቢያ ቱቦ በቀለም የተለያዩ ቢሆኑ መምታታት አይኖርም።

ጋዝና ጭስ

የፕሮፔን ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ወደ ወለል ይወርዳል፤ ጠቋሚውም ከወለሉ አጠገብ የሚገጠመው ለዚህ ነው። ከጄኔሬተሩ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም ስለሌለው የበለጠ አደገኛ ነው። ጭሱ ወደ ውስጥ ሊመለስ በሚችልበት፣ ከግድግዳ ወይም ከሌላ ተሽከርካሪ ተጠግቶ በቆሙበት ቦታ ጄኔሬተር እየሠራ አይተኛም። ቤቱን በማብሰያ ምድጃ ማሞቅም እንዲሁ ገዳይ ነው። ጠቋሚዎቹ እንደ ምግብ የማብቂያ ቀን አላቸው፤ ቀኑ ያለፈበት ጠቋሚ መብራቱ ቢበራም ላያስጠነቅቅ ይችላል።

ቤቱ ከእንጨትና ከፕላስቲክ የተሠራ በመሆኑ እሳት ከተነሣ የማምለጫው ጊዜ አጭር ነው። የመኝታ ክፍሉን የማምለጫ መስኮት ልጆችን ጨምሮ እያንዳንዱ ተሳፋሪ አንድ ጊዜ በእጁ ከፍቶት ማየት አለበት።

መንዳት

ሹፌሩ ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው ከፊት አክስል በላይ ወይም ቀደም ብሎ ስለሆነ፣ በመታጠፊያ ላይ ከለመደው በላይ ወደ ፊት ገብቶ ነው የሚያዞረው። ከኋላ አክስል ወዲያ የተረፈው አካል ደግሞ ወደ ተቃራኒው ወገን ይወዛወዛል፤ ከነዳጅ መቅጃ ሲወጡ ምሰሶ የሚመታው ይህ ጅራት ነው። ባዶ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ከኋላ ማዕዘኑ አጠገብ ምልክት አስቀምጦ ምን ያህል እንደሚወጣ መለካት ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።

የተሽከርካሪው ቁመት በሜትርም በጫማም ተጽፎ ሹፌሩ ፊት ይለጠፋል። በሰሜን ካሮላይና በደርሃም ከተማ የሚገኘው የባቡር ድልድይ የብዙ የኪራይ መኪኖችን ጣሪያ በመግፈፍ በቪዲዮ ዝነኛ ሆኗል፤ በ2019 ከፍ ተደርጎም ቁመቱ 12 ጫማ ከ4 ኢንች ወይም 3.76 ሜትር ብቻ ነው። በግላሲየር ብሔራዊ ፓርክ ደግሞ ተራራውን የሚያቋርጠው መንገድ መካከለኛ ክፍል ከ6.4 ሜትር ለሚረዝም ተሽከርካሪ ዝግ ነው። ተራ የስልክ ካርታ እነዚህን ስለማያውቅ ቁመትና ክብደት የሚመዘገብበት የከባድ መኪና ካርታ ያስፈልጋል።

በረጅም ቁልቁለት ፍሬን ያለማቋረጥ መርገጥ ፍሬኑን አሙቆ ያደክመዋል። ቁልቁለቱ ሳይጀምር ፍጥነት ቀንሶ በዝቅተኛ ማርሽና በሞተር ፍሬን መውረድ ይገባል። ብዙዎች ከኋላ አነስተኛ መኪና ያስጎትታሉ፤ አራት ጎማዋ መሬት ላይ ሆኖ የምትጎተት መኪና ግን ወደ ኋላ መሄድ ስለማትችል፣ የተሳሳተ መንገድ የገባ ሰው ወርዶ እስኪፈታት ድረስ እዚያው ነው።

የመንጃ ፈቃድ ሕጉ እንደየቦታው ይለያያል። በብዙዎቹ የአሜሪካ ግዛቶች ተራው ፈቃድ ይበቃል። ካሊፎርኒያ ከ40 ጫማ ለሚረዝም፣ ቴክሳስ ከ26,000 ፓውንድ ለሚበልጥ ሞተርሆም ለንግድ ያልሆነ ሌላ ደረጃ ይጠይቃሉ።

ማደሪያ

ከተከፈለባቸው ካምፖች ሌላ፣ በምዕራብ አሜሪካ በፌዴራሉ የመሬት አስተዳደር ቢሮ ሥር ባለው መሬት ብዙ ቦታ ላይ በ28 ቀን ውስጥ እስከ 14 ቀን በነጻ መስፈር ይፈቀዳል። ውሃም ሆነ መብራት የለም፤ የባትሪና የታንከር መጠን የሚፈተነው እዚያ ነው። በገበያ አዳራሾች ማቆሚያ ማደር የሚቻለው የየመደብሩ ኃላፊ ሲፈቅድ ሲሆን፣ እግሮቹን ዘርግቶ፣ ግድግዳውን አውጥቶ ወንበር መደርደር እንደ ነውር ይታያል።

ለመነሣት ሲዘጋጁ አንቴናው መውረዱን፣ ደረጃው መግባቱን፣ ደጋፊ እግሮቹ መሰብሰባቸውን፣ ሽቦና ቱቦ መነቀላቸውን ከውጭ አንድ ዙር ዞሮ ማየት ልማድ ነው። ዝርዝሩን አንድ ሰው ብቻ ቢይዘው፣ በሥራው መካከልም ማንም ባያናግረው ይመረጣል።

ማቆየት

ጄኔሬተሩ በወር አንድ ጊዜ በግማሽ ጭነት ሁለት ሰዓት ያህል ይነሣል፤ ሳይሠራ የቆየ ቤንዚን ካርቡሬተሩን ይዘጋል። ብርድ ከመግባቱ በፊት የውሃ ቧንቧዎቹና የውሃ ማሞቂያው ይደርቃሉ፣ በቧንቧዎቹም ለመጠጥ ውሃ መስመር የተሠራው ሮዝ ፀረ በረዶ ይሞላል። የራዲያተሩ ዓይነት መርዛማ ስለሆነ ለዚህ አይውልም። ባትሪዎቹ ይሞላሉ፣ ጎማዎቹ ከፀሐይ ይሸፈናሉ፣ አይጥ የሚገባባቸው ቀዳዳዎችም በብረት ሱፍ ይደፈናሉ። ለመግዛት የሚያስብ ሰው ይህን ሁሉ ከመጀመሩ በፊት ተመሳሳዩን ለአንድ ሳምንት ተከራይቶ ቢሞክረው፣ አዲስ ሞተርሆም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ዋጋው በፍጥነት ስለሚወርድ፣ የኪራዩ ገንዘብ ከስህተቱ ዋጋ እጅግ ያንሳል።