ነገድን በወረቀት የጻፈ አገር፤ የሩዋንዳ ታሪክና ትምህርቱ

ሰው ሲወለድ ስም ይወጣለታል፤ ከስሙም ጋር ቋንቋውን፥ ሃይማኖቱን፥ ወገኑንና አገሩን ይወርሳል። እነዚህ ሁሉ ተደምረው «እኔ ማን ነኝ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ይሆኑታል። ይህም ለሰው ክብሩ ነው። ታዲያ ይህ ክብር የሆነው ማንነት አንዳንድ ጊዜ ሕዝብን ከሕዝብ የሚያፋጅ፥ ሌላ ጊዜ ደግሞ የሚያስታርቅ የሆነው ስለ ምንድን ነው? እኛ የታሪክ ተማሪዎች በዚህ በተማሪ ቤታችን የምሥረታ በዓል መጽሔት ላይ ይህን ጥያቄ ለመመርመር የሩዋንዳን ታሪክ መርጠናል። የመረጥንበትም ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛ፥ የሩዋንዳ ታሪክ ማንነት ለጥፋትም ለዕርቅም እንዴት እንደሚውል በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ያሳያል። ሁለተኛ፥ የአገራችን የኢትዮጵያ ስም ሳታውቀውና ሳትፈልገው በዚህ ታሪክ ውስጥ ገብቷል። ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ሩዋንዳ በታላላቅ ሐይቆች አካባቢ የምትገኝ ትንሽ የኮረብታ አገር ናት። ሕዝቧም ሁቱ፥ ቱትሲና ትዋ በሚባሉ ሦስት ወገኖች ሲጠራ ኖሯል። ነገር ግን የሦስቱም ቋንቋ አንድ ኪንያሩዋንዳ ነው፤ በአንድ ኮረብታም ላይ ጐን ለጐን ይኖራሉ፤ የጐሣቸው ስም እንኳ በሦስቱም ውስጥ ተደባልቆ ይገኛል። በመካከላቸው የነበረው ልዩነት ይበልጡን የኑሮና የሥልጣን ነበር፤ ከብትና ሹመት በቱትሲ በኩል፥ እርሻ በሁቱ በኩል ያመዝን ነበርና። ይሁን እንጂ በቀድሞው ዘመን ሁሉም በፍቅር ይኖር ነበር ማለት እውነት አይሆንም። በ1895 ዓ.ም. በሞቱት በንጉሥ ሩዋቡጊሪ ዘመን ኡቡሬትዋ የሚባል የግዴታ ሥራ በሁቱ ገበሬዎች ላይ ተጭኖ ስለ ነበር፥ ቅሬታው ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሲብላላ ቈይቷል።

ከዚህ በኋላ አውሮፓውያን መጡ። ከእነርሱ አስቀድሞ ግን አንድ አሳብ መጥቶ ነበር። እንግሊዛዊው ተጓዥ ጆን ሐኒንግ ስፒክ በ1863 ዓ.ም. ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ፥ በታላላቅ ሐይቆች አካባቢ ያሉት ገዥ ወገኖች ከኢትዮጵያ በኩል የወረዱ ናቸው ሲል ጻፈ። ለዚህ ግምት በቂ ማስረጃ አልነበረውም። ቢሆንም ከእርሱ በኋላ የመጡት ሚሲዮናውያንና ሹማምንት አሳቡን ለቱትሲዎች ሰጡና፥ «ቱትሲ ከሩቅ የመጣ፥ ለመግዛት የተፈጠረ ነው፤ ሁቱ ግን ለመገዛት ነው» የሚል ትምህርት አስፋፉ።

አገሪቱን መጀመሪያ ጀርመኖች፥ ከ1916 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ቤልጂጎች ያዟት። የቤልጂግ መንግሥት በ1933 እና በ1934 ዓ.ም. ሕዝቡን ቈጥሮ ለእያንዳንዱ ጐልማሳ ነገዱ የተጻፈበት የመታወቂያ ወረቀት ሰጠ። ሹመቱንና የተሻለውንም ትምህርት ለቱትሲዎች አደላ። እንግዲህ ቀድሞ ሰው ሀብት ሲያገኝ ወይም ሲያጣ፥ ሲጋባም ሊለወጥ ይችል የነበረው ስም፥ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ የማይፋቅ ጽሕፈት ሆነ። እንጀራም፥ ሹመትም፥ የተማሪ ቤት ወንበርም በዚያች በአንዲት ቃል ይወሰን ጀመር።

በ1959 ዓ.ም. ነገሩ ተገለበጠ። ቤልጂጎች ፊታቸውን ወደ ሁቱ መሪዎች አዞሩ፤ በአገሪቱም ሁከት ተነሥቶ የቱትሲዎች ቤት ተቃጠለ፥ ብዙዎችም ተገደሉ፤ በአሥር ሺሕ የሚቈጠሩም ወደ ጐረቤት አገሮች ተሰደዱ። ሩዋንዳ በሐምሌ 1 ቀን 1962 ዓ.ም. ነጻነትዋን ስታገኝ ሥልጣኑ በሁቱ መሪዎች እጅ ገባ። አዲሶቹ ገዥዎች የቅኝ ገዥዎችን ባንዲራ አወረዱ፤ የመታወቂያውን ወረቀት ግን አላነሡትም። በላይ የነበረው ወደ ታች፥ በታች የነበረው ወደ ላይ ተለዋወጠ እንጂ መስመሩ በቦታው ቀረ። በተማሪ ቤቶችም ውስጥ ለቱትሲ ልጆች የሚሰጠው ቦታ በኮታ ተወሰነ። ልጆች በክፍላቸው ውስጥ በነገዳቸው እየተጠሩ ይነሡ ነበር፤ ነገዱን የማያውቅ ሕፃንም ከመምህሩ ይማረው ነበር።

ይህን ሥርዓት የተቃወሙ ሰዎች ግን አልጠፉም። ከእነርሱ አንዷ የኬሚስትሪ መምህርት የነበሩት ወይዘሮ አጋት ኡዊሊንጊይማና ናቸው። እኒህ ሴት ራሳቸው ሁቱ ሲሆኑ፥ በ1992 ዓ.ም. የትምህርት ሚኒስትር በሆኑ ጊዜ የነገድ ኮታን ሽረው ተማሪ በውጤቱ ብቻ እንዲመረጥ አደረጉ። በ1993 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ።

በዚህ ጊዜ አገሪቱ በጦርነት ላይ ነበረች። በ1990 ዓ.ም. የስደተኞቹ ልጆች ያቋቋሙት የሩዋንዳ አርበኞች ግንባር ከኡጋንዳ ተነሥቶ ገብቶ ነበርና። ፍርሃት በበዛ ቍጥር የድሮው ተረት እንደ ገና ተነሣ። በኅዳር ወር 1992 ዓ.ም. ሌዎን ሙጌሴራ የተባለ የገዥው ፓርቲ ሰው በአደባባይ ሲናገር፥ የቱትሲዎች አገር ኢትዮጵያ መሆኑን፥ በኛባሮንጎ ወንዝም በአቋራጭ ወደዚያ እንደሚላኩ ተናገረ። ኛባሮንጎ በአካጌራ በኩል ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ የሚወርድ የነጭ ዓባይ መጋቢ ነው። አንባቢዎቻችን ሆይ፥ አንድ ተጓዥ ከመቶ ሃያ ዓመት በላይ አስቀድሞ በግምት የጻፈው ቃል ወዴት እንደ ደረሰ ተመልከቱ።

በሚያዝያ 6 ቀን 1994 ዓ.ም. የፕሬዚዳንት ሀቢያሪማና አውሮፕላን ተመቶ ወደቀ። ወዲያውም አስቀድሞ የተዘጋጀው እልቂት ተጀመረ። በየመንገዱ ኬላ ቆመ፤ መንገደኛውም መታወቂያውን ይጠየቅ ነበር። «ቱትሲ» የሚል የተጻፈበት ተገደለ። ራዲዮኑም ገዳዮቹን ያበረታ ነበር። በመቶ ቀን ያህል ጊዜ ውስጥ የተገደሉት በተባበሩት መንግሥታት ግምት 800,000 ገደማ ሲሆኑ፥ የሩዋንዳ መንግሥት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ናቸው ይላል። ብዙ ሬሳም በዚያው ወንዝ ተወስዶ ቪክቶሪያ ሐይቅ ደረሰ። ግድያውን የተቃወሙ ሁቱዎችም ተገደሉ፤ ወይዘሮ አጋትም በማግሥቱ በሚያዝያ 7 ቀን ሞቱ። በሐምሌ ወር ግንባሩ አገሪቱን ሲይዝ እልቂቱ ቆመ። በዚያው ዓመት የኢትዮጵያ ወታደሮች በተባበሩት መንግሥታት ስም ሩዋንዳ ገብተው ጸጥታ አስከብረዋል። ስማችን ለመግደያ ምክንያት በተጠራበት አገር ወገኖቻችን ለጥበቃ መድረሳቸው የሚያስደስተን ነው።

ከዚህ በኋላ ሰላም የተፈለገው በምን መንገድ ነው? በመጀመሪያ የነገድ ስም ከመታወቂያው ወረቀት ተነሣ። ቀጥሎ ፍርድ መጣ። ዋናዎቹን ተጠያቂዎች የተባበሩት መንግሥታት በአሩሻ ያቋቋመው ፍርድ ቤት ሲዳኝ፥ የቀረውን እጅግ ብዙ ሰው ለመዳኘት ጋቻቻ የተባለው የቀድሞ ሸንጎ በአዲስ ሕግ ተቋቋመ። ቃሉ ሽማግሌዎች የሚቀመጡበትን ሣር ያመለክታል፤ በዛፍ ጥላ ሥር ለሽምግልና መቀመጥን የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ነገሩ አይከብደውም። ጋቻቻ በ2012 ዓ.ም. እስኪዘጋ ድረስ 1.9 ሚሊዮን ያህል ጉዳይ አይቷል። ትልቁ ጥቅሙ ተከሳሹ በራሱ ስምና በራሱ ሥራ መጠየቁ ነው፤ «ሁቱ ገደለ» ማለት ቀርቶ «እገሌ እገሌን ገደለ» ይባላልና። ጉድለት ግን አልታጣበትም። የግንባሩ ወታደሮች የፈጸሙት ግድያ በዚያ ሸንጎ አልታየም፤ ስለ ነገድ በግልጽ መናገርም በአገሪቱ ያስፈራል የሚሉ ወቃሾች አሉ። ከወረቀት ላይ የተፋቀ ቃል ከልብ እስኪወጣ ብዙ ዘመን ያስፈልገዋል።

ወረቀቱ ያልቻለውን የቻሉ ግን እንደ እኛ ያሉ ተማሪዎች ናቸው። በመጋቢት 18 ቀን 1997 ዓ.ም. ማታ፥ በምዕራብ ሩዋንዳ በምትገኘው በኛንጌ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ቤት ተማሪዎች ሲያጠኑ ታጣቂዎች ገቡ። ሁቱው ወደ አንድ፥ ቱትሲው ወደ ሌላ ወገን እንዲለይ አዘዙ። ተማሪዎቹ ሁላችንም ሩዋንዳውያን ነን ብለው አንለይም አሉ። ታጣቂዎቹም ተኰሱባቸው፤ ቦምብም ወረወሩባቸው። ስድስቱ ወዲያው ሞቱ፥ ሌሎችም ቈሰሉ። ሁቱ የሆነው ተማሪ አንድ እርምጃ ወደ ጐን ቢል ነፍሱን ሊያድን ይችል ነበር፤ አላደረገውም። ዛሬ እነዚህ ተማሪዎች ከአገራቸው ጀግኖች ጋር ይቈጠራሉ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል የሚለው የአበው ቃል በእነርሱ ተፈጽሟል።

በአገራችንም የቀበሌ መታወቂያ ላይ «ብሔር» የሚል መስመር ለብዙ ዓመታት ሲሞላ ኖሯል። ሩዋንዳና ኢትዮጵያ ግን አንድ አይደሉም፤ እነርሱ አንድ ቋንቋ ሲኖራቸው የእኛ ከሰማንያ አያንስም፤ ማንም ሰው የእናቱን ቋንቋና የወገኑን ስም እንዲተው ሊጠየቅ አይገባም። እኛ ከዚህ ታሪክ የተማርነው፥ የወገን ስም ለእንጀራና ለሹመት መለኪያ በሆነ ጊዜ፥ ቈይቶ ለሞትም መለኪያ ሊሆን እንደሚችል ነው። ስለዚህ ወላጆቻችንን የምንለምነው፥ የወገናችሁን ታሪክ ስታወርሱን የጐረቤታችሁንም ክብር አብራችሁ አውርሱን ነው። መምህሮቻችንንም የምንለምነው በሥራችን ብቻ እንድትመዝኑን ነው። እኛ ተማሪዎችም አንድ ቀን «ተለዩ» የሚለን ሰው የመጣ እንደ ሆነ የኛንጌን ልጆች እናስታውስ።