የድምፅ ማጣሪያና የሰው እጅ

ስለ ዘመናዊ ሙዚቃችን መዳከም በተወራ ቁጥር ጣት የሚቀሰርበት ተከሳሽ አንድ ነው፤ ሲንተሳይዘር። መለከቱንና ሳክስፎኑን ከመድረክ ያወረደ፣ ባንዱን የበተነ ማሽን ተብሎ ይወገዛል። በክሱ ውስጥ እውነት አለ። ይሁን እንጂ ከሳሾቹ አንድ ጥያቄ ሳያነሡ ያልፋሉ፤ ይህ ማሽን ጠባዩን የሚያገኘው ከወዴት ነው? መልሱ ያለው በቁልፎቹ ረድፍ ላይ ሳይሆን ከቁልፎቹ በላይ ባሉት ጥቂት ማዞሪያዎች፣ በተለይም ፊልተር ወይም ማጣሪያ በሚባለው ክፍል ነው።

በአናሎግ ሲንተሳይዘር ውስጥ ድምፅ የሚጀምረው ጥሬ ሆኖ ነው። ኦሲሌተር የተባለው ክፍል የመጋዝ ጥርስ የሚመስል የኤሌክትሪክ ሞገድ ያወጣል። መሠረታዊው ድምፅ በሰከንድ 110 ጊዜ የሚርገበገብ ቢሆን፣ ከእርሱ ጋር 220፣ 330፣ 440 እያሉ የሚወጡ፣ በቀጠኑ መጠን ኃይላቸው የሚቀንስ ድምፆች አብረው ይሰማሉ። በበገና አውታርና በብርኩማው መካከል የሚገባውን እንዚራ የሚያውቅ ሰው ነገሩ አይጠፋውም። ያቺ ትንሽ ቆዳ አውታሩን ስትነካው የሚሰማው ንዝረት ከእንዲህ ዓይነቱ የቀጫጭን ድምፆች ብዛት የመጣ ነው።

ማጣሪያው ግን ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። የመጀመሪያው ማዞሪያ የመቁረጫውን ነጥብ ይወስናል፤ ከነጥቡ በታች ያለው ያልፋል፣ ከበላዩ ያለው ይደበዝዛል። ታዋቂ በሆነው የሞግ ማጣሪያ፣ ከነጥቡ ከፍ ብሎ ድግግሞሹ እጥፍ በሆነ ቁጥር የድምፁ ስፋት ወደ አንድ አሥራ ስድስተኛ ይወርዳል። ሁለተኛው ማዞሪያ ከማጣሪያው የወጣውን ድምፅ ከፊሉን ወደ መግቢያው ይመልሳል፤ በዚህም በመቁረጫው ነጥብ አካባቢ ያለው ድምፅ ጎልቶ ያቃጭላል። እስከ ጫፍ ሲዞር ማጣሪያው ያለ ምንም ግብዓት በራሱ ያፏጫል። አንድ ሰው ትንፋሹን ሳያቋርጥ ከ«ኡ» ወደ «ኣ» ቢሻገር በጉሮሮው ያለው ድምፅ ያው ነው፤ የተለወጠው የአፉ ቅርጽ ነው። ማጣሪያም ለማሽኑ አፍ ሆኖ ያገለግላል ማለት ይቻላል።

ይህ አፍ የተቀረጸው በመሐንዲስ ጥበብ ብቻ አይደለም። ሮበርት ሞግ እ.ኤ.አ. በ1964 በኒው ዮርክ ግዛት ከሙዚቃ ደራሲው ከኸርበርት ዶይች ጋር ሆኖ የመጀመሪያዎቹን ክፍሎች ሠራ። በቮልቴጅ የሚታዘዝ ማጣሪያ እንዲሠራ ሐሳብ ያቀረበለት የቶሮንቶው የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ባለሙያ ጉስታቭ ቺያማጋ ነበር። ድምፅ እንዴት እንደሚነሣ፣ እንደሚወርድ፣ እንደሚጸናና እንደሚሞት በአራት ደረጃ የሚያዝበትን አሠራር የጠየቀው ደግሞ በ1965 ቭላዲሚር ኡሳቼቭስኪ ነው። ይህ ቅርጽ ከማጣሪያው ጋር ሲገናኝ፣ አንድ ቁልፍ ተነክቶ እስኪለቀቅ ድረስ ድምፁ ራሱን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ሞግ ጥንድ ጥንድ ትራንዚስተሮችን እንደ መሰላል ደርድሮ ለሠራው ማጣሪያ በ1966 የባለቤትነት መብት ጠየቀ፤ በ1969 ተፈቀደለት። ተፎካካሪው ኩባንያ አርፕ ተመሳሳይ ማጣሪያ ሠርቶ ሲገኝ የተነሣው ውዝግብም አርፕን የራሱን ንድፍ እንዲለውጥ አስገድዶታል።

በ1970 የወጣው ሚኒሞግ ይህን ሁሉ አንድ ሰው ሊሸከመው በሚችለው ሣጥን ውስጥ አስገባው። ቀኝ እጅ ዜማውን ሲይዝ ግራው ማጣሪያውን ይመራል። ያው ዜማ በተለየ እጅ ሥር ሌላ ድምፅ ይሆናል።

የክሱ እውነት የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። በ1983 ያማሃ ዲኤክስ ሰባት የተባለውን ዲጂታል ሲንተሳይዘር ለገበያ አቀረበ። ይህ መሣሪያ ድምፅን የሚሠራው በሌላ ስልት ስለሆነ ማጣሪያ የለውም፤ የማዞሪያዎቹም ቦታ በትንንሽ አዝራሮች ተተካ። ድምፁን ከሥሩ መለወጥ አድካሚ ስለነበር ብዙዎቹ ሙዚቀኞች ፋብሪካው ያዘጋጀላቸውን ድምፅ እንዳለ ተቀበሉ። በየአገሩ ያንኑ ድምፅ መስማት የተለመደው በዚህ ጊዜ ነው። ሰው ማዞሪያውን ሲተው ማሽኑ የፋብሪካውን ድምፅ ብቻ ያሰማል።

የእኛን ታሪክ ከዚህ አንጻር ማየት ይገባል። ኃይሉ መርጊያ በ1981 ከዋልያስ ባንድ ጋር ወደ አሜሪካ መጥቶ እዚያው ቀረ፤ ከባንዱ አባላት ከፊሉ ወደ አገር ተመለሱ። በ1985 በዋሽንግተን «ሸሞንሟናዬ»ን ሲቀርጽ ያ ባንድ አጠገቡ አልነበረም። አኮርዲዮን፣ ሞግ ሲንተሳይዘር፣ የኤሌክትሪክ ፒያኖና የሪትም ማሽን ይዞ ለብቻው ድምፅን በድምፅ ላይ ደረበ። በካሴት የወጣው ሥራ በ2013 እንደገና ታትሞ ሲሰራጭ፣ ለብዙ ዓመታት በዋሽንግተን ታክሲ ሲነዳ የኖረው ሙዚቀኛ ወደ ዓለም መድረክ ተመለሰ።

እንግዲህ ባንዱን የበተነው ማን ነው? ሌሊቱን ከሙዚቃ የነጠቀው የደርግ ዘመን የሰዓት እላፊና ሰውን ከሰው የለየው ስደት መልስ ሳይሰጡ ማሽኑን ብቻ መክሰስ ፍርደ ገምድልነት ነው። በስደት ብቻውን ለቀረ ሙዚቀኛ ሲንተሳይዘሩ ከጎኑ የጠፉትን ሰዎች ሊተካለት አልቻለም። ቦታቸው ባዶ እንዳይቀር ግን በእጁ የሚቀርጸው ድምፅ ሰጠው። ልጆቻችን ዛሬ ኪቦርድ ፊት ሲቀመጡ ልናስተምራቸው የሚገባው ቁልፉን ብቻ አይደለም። ማጣሪያውንም ያዙሩት፤ ድምፁ የእነርሱ እስኪሆን ድረስ።