እርሾና ታሪክ

«ሳይንስ ከውጭ የመጣ ዕቃ ነው» ሲባል በየጊዜው እንሰማለን። እኛ ግን ነገሩን ከጓዳ ብንጀምረው እንወዳለን። ከአምቦ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ ላይ እጃጂ የምትባል ከተማ አለች። እንደ ሌሎቹ የምዕራብ ሸዋ ከተሞች እዚያም ሊጥ ይቦካል፤ ጠላ፣ በኦሮምኛ ፈርሶ፣ ይጠመቃል።

በጋኑ ውስጥ የሚሠራው ማነው? የገብስ ቅጠል የፀሐይን ብርሃን ይዞ ጉልበቱን በእህሉ ስታርች ያከማቻል። ብቅሉ ስታርቹን ወደ ስኳር ይለውጣል። እርሾ፣ ማለትም በዓይን የማይታይ ሕያው ሴል፣ ስኳሩን አፍርሶ አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። የእንጀራ ዓይንም የዚሁ አየር መውጫ ነው። እርሾው ከአንድ የግሉኮስ ሞለኪውል ለራሱ የሚያተርፈው 2 ኤቲፒ ብቻ ሲሆን፣ በኦክሲጅን የሚሠራው የኛ ሴል 30 ያህል ያገኛል። ታዲያ የቀረው ጉልበት የት ገባ? አብዛኛው አልኮሉ ውስጥ ነው። አረቄ በእሳት የሚነደው ለዚህ እኮ ነው!

አውሮፓም ይህን የተማረችው ከጋን ነው። እ.ኤ.አ. በ1856 በፈረንሳይ ሊል ከተማ አንድ አልኮል አምራች ምርቱ ቢበላሽበት ሉዊ ፓስተርን አማከረ። ፓስተርም በ1857 መብላላት የሕያዋን ሥራ ነው ሲል አስታወቀ። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ቡክነር ደግሞ የእርሾ ጭማቂ እንዳይበላሽ ብሎ እንደ ማርማላታ ስኳር ቢጨምርበት አረፋ ደፈቀ። ያለ ሕያው ሴል መብላላት እንደሚቻል በ1897 አሳተመ፤ በ1907 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። «ኢንዛይም» የሚለው ቃል ራሱ በግሪክኛ «በእርሾ ውስጥ» ማለት ነው።

እንግዲህ እናቶቻችን ፓስተርን ቀደሙት እንበል? አንልም። መሥራት ሌላ፣ የሠሩትን ምክንያት ማወቅ ሌላ። ይሁን እንጂ የሊሉ ነጋዴ ጥያቄ ከሊቁ ደጅ ደርሷል። ጠላዋ የኮመጠጠባት የእጃጂ ጠማቂ «ለምን?» ስትል ደጇን ያንኳኳ ተማሪ ማነው?

ታሪክም ቢሆን ከዚህ ጥያቄ አያመልጥም። በ1888 ዓ.ም. ወደ ዓድዋ የዘመተው ሠራዊት በባዶ ሆዱ አልተዋጋም፤ አብረው የዘመቱ ሴቶች ስንቁን አሰናድተዋል። የጦር መሪዎቹን ስም በቃላችን እንወጣዋለን። የዘማቹ ክንድ ጉልበት ያገኘው ግን ከነዚያ ሴቶች እጅ ነው። የጉልበትን ታሪክ የሚጽፍ ሰው ከዙፋኑ በፊት ጓዳውን ይጠይቅ።

እረፍት ሲደርስ ወደየቤታችን መሄዳችን አይቀርም። ደብተር ይዘን እንሂድ፤ እዚያ የሚጻፍ አለ።