የካምሻፍት ጥበብ በካሊፎርንያ

በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1932 ዓ.ም. ፎርድ ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተሩን በርካሽ ዋጋ ለሕዝብ ካቀረበ በኋላ፣ የእሽቅድምድም መኪና ለመግዛት አቅም ያልነበራቸው የሎስ አንጀለስ ወጣቶች አሮጌውን ፎርድ በየጓሯቸው እየፈቱ ማፍጠን ልማዳቸው ሆነ። የፍጥነቱ ምሥጢር ግን በአብዛኛው በካምሻፍቱ ተሰውሮ ነበር፤ ይህ ዘንግ፣ የሞተሩ ዋና ዘንግ (ክራንክሻፍቱ) ሁለት ጊዜ ሲዞር እርሱ አንድ ጊዜ እየዞረ፣ በላዩ ባሉት ጉብታዎች ቫልቮቹን በየተራ እያስከፈተ ለሞተሩ እስትንፋስ ሥርዓትን የሚሠራ ነውና፣ ጉብታው በጥበብ ተሞርዶ ቅርጹ ሲለወጥ ቫልቩ ከፍ ብሎና ቈይቶ ይከፈታል፣ ሞተሩም በከፍተኛ ዙር ጊዜ አብዝቶ ይተነፍሳል። በዝግታ ሲሠራ ግን ይንገጫገጫል፤ ባለቤቱ ይህን መንገጫገጭ እንደ ማኅሌት ያደምጠዋል፣ ጎረቤቱ ምን እንደሚል አይነገርም። በቤቱ የሚገጥመውም ሰው የክራንክሻፍቱንና የካምሻፍቱን ጥርስ ምልክቶች ፊት ለፊት ማጋጠም ነበረበት፤ በአንዲት ጥርስ ቢስት ሞተሩ ጊዜውን ያጣልና።

ከእነዚህ ወጣቶች አንዱ፣ ከአርመን ወገን የሆነው ኤድ ኢስከንደሪያን፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመለስ ካምሻፍት ለማሠራት ወረፋው ረዥም ስለ ነበረ፣ የመሞረጃ መኪና ራሱ አሰናድቶ ሥራውን ጀመረ። ከዚያ በፊት፣ ገና በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1942 ዓ.ም.፣ በኤል ሚራዥ ደረቅ ሐይቅ ላይ በገዛ እጁ የሠራት መኪና በሰዓት 120 ማይል ሮጣለች።